ማኪያቶ በቤት፦ ስለ ርካሽ የኤስፕሬሶ ማሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቴ ማሽን እንዳለ የሚያውቁ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ጀበና እያለኝ ማሽን ምን ያደርግልኛል?

ማሽን ጀበናን አይተካም። የጀበና ቡና ከውሃው ጋር አብሮ ፈልቶ፣ አተላው ሰክኖ የሚቀዳ ነው። ኤስፕሬሶ ደግሞ ሙቅ ውሃ በኃይል ተገፍቶ፣ በተጠቀጠቀ ቡና መሀል በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሲያልፍ የሚወጣ ጥቂት፣ ወፍራም መጠጥ ነው። ሁለቱም ቡና ናቸው፤ ግን ሌላ ሌላ ናቸው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ማኪያቶ ትወዳላችሁ?» ነው። የአዲስ አበባ ሰው ማኪያቶን ከጣሊያኖች ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል። ጣሊያን አገር ማኪያቶ ብላችሁ ብታዙ ኤስፕሬሶ ላይ ጠብ የተደረገች ወተት ናት የምትመጣው። እኛ ጋ ወተቱ በርከት ይላል፤ «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» እያልን እናዛለን። ይህን ጠዋት ጠዋት ሳትጠጡ የማትውሉ ከሆነ ማሽኑ ይጠቅማችኋል። የፒያሳ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ የለመዱት ካፌ የራቀባቸው ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲያነሱልኝ በደንብ ይገባኛል። በቀን ሦስቴ ጀበና የሚጣድበት ቤት ግን ገንዘቡን ለጥሩ ቡና ቢያውለው ይሻላል።

ኤስፕሬሶ የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?

በደንብ የተፈጨ 18 ግራም ያህል ቡና ይጠቀጠቃል። ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በ9 ባር ገደማ ግፊት ያልፍበታል። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ያህል ይወርዳል። 9 ባር ማለት የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት አራት እጥፍ ገደማ ነው። ላዩ ላይ የምታዩት ወርቃማ ቡኒ አረፋ፣ ክሬማው፣ የዚህ ግፊት ውጤት ነው።

ድሮ የነበሩት ማሽኖች በእንፋሎት ብቻ ይገፉ ስለነበር ይህ ክሬማ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሚላን ላይ የአኪሌ ጋጃ ባለ ማንሻ ማሽን ገበያ ሲወጣ ነው የዛሬው ኤስፕሬሶ የተለመደው።

የሞካ ማንቆርቆሪያ አይበቃኝም?

ለብዙ ቤት ይበቃል። ምድጃ ላይ የሚጣደው ይህ የጣሊያን ማንቆርቆሪያ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ያለ ነው። ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ባር ስለሆነ እውነተኛ ክሬማ አይሰጥም። ቡናው ግን ጠንካራ ነው፤ ወተት ይሸከማል። በጀታችሁ በጣም ጠባብ ከሆነ ከመጥፎ ማሽን ጥሩ ሞካ ይሻላል። ይህን የምለው ሁለቱንም ተጠቅሜ ነው።

በትንሽ ገንዘብ የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

ዋጋ እዚህ ብጽፍ ከመቼው ያረጃል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ይቀያየራል። ስለዚህ ዓይነቱን ልንገራችሁ።

ከሁሉም ርካሹ ፓምፕ የሌለው፣ በእንፋሎት ብቻ የሚገፋው ነው። የሚታወቀው ከላይ ውሃ ተጨምሮበት እንደ ፕሬዠር ኩከር ክዳኑ በመጠምዘዙ ነው። እሱን እለፉት። የሚሰጣችሁ የሞካ ቡና ነው፤ ለዚያ ሞካ ይበቃል። ከዚያ ቀጥሎ ባለ ፓምፕ ትንንሽ ማሽኖች ይመጣሉ። በብዛት የሚታወቀው የዴሎንጊው ዴዲካ ነው። ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለኮንዶሚኒየም ኩሽና ይመቻል፤ ቶሎ ይሞቃል። ከፍ ካላችሁ ጋጃ ክላሲክ አለ። እሱ ከበድ ያለ ነው፤ ቡና የሚሞላበት ማጣሪያ ስፋቱ 58 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከብዙዎቹ የካፌ ማሽኖች ጋር አንድ ነው። መለዋወጫ ስትፈልጉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የካፕሱል ማሽን ንጹሕና ቀላል ነው። ነገር ግን ካፕሱሉ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ቡና በሚበቅልበት አገር ተቀምጦ ከውጭ የታሸገ ቡና መጠበቅ ያሳዝነኛል፤ ለማንም አልመክርም።

ካርቶኑ ላይ «15 ባር»፣ «20 ባር» ይላል። ትልቁ ይሻላል?

አይሻልም። ቁጥሩ ፓምፑ አቅሙን ሁሉ ቢያወጣ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ቡናው የሚፈልገው 9 አካባቢ ነው። በዚህ ቁጥር ምክንያት ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ዘመዴ ከውጭ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ልንገረው?

መጀመሪያ ቮልቴጁን ያንብብ። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካና የካናዳ ማሽን 120 ቮልት ነው፤ በቀጥታ ብትሰኩት ይቃጠላል። ትራንስፎርመር እገዛለሁ የሚል ሰው አለ። ግን 1300 ዋት ለሚስብ ማሽን ትልቅና ከባድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ወጪ ሌላ ማሽን ሊገዛ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣው ቮልቴጁ ይስማማል። የዱባይና የእንግሊዝ ስፒና ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ ደህና ማዞሪያ ወይም የስፒና ቅያሪ ይፈልጋል።

የመጀመሪያ ማሽኔን የገዛሁት እዚሁ ከተማ መሀል ካለ ሱቅ ነው። ሻጩ «220 ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ 120 ይል ነበር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጭስ ወጣ። ገንዘቤም አልተመለሰም። ስለዚህ ከሱቅም ግዙ፣ ከውጭም ይምጣ፣ ማሽኑን ገልብጣችሁ ጽሑፉን በዓይናችሁ እዩ። ዘመዳችሁ አብሮ እንዲይዝ የምመክረው ሁለት ነገር ነው፦ ቡና የሚሞላበት እጀታ የሚገጥምበትን ክብ ጎማ መለዋወጫና ባለ ብዙ ቀዳዳ ማጣሪያ። ሁለቱም ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ያገለገለ ማሽን ብገዛስ?

ሰክታችሁ ሳትሞክሩ አትግዙ። ይሙቅ፣ ውሃ ይግፋ፣ እንፋሎት ይስጥ። እጀታው ዙሪያ ውሃ ከተንጠባጠበ ጎማው ነው፤ ቀላል ነው። ከማሽኑ ሆድ ሥር ውሃ ከወጣ ግን ተዉት። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር የቆየ ከሆነ ሽታው ይነግራችኋል።

መፍጫ የግድ ነው?

ከሁሉም ጥያቄ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ሰው ገንዘቡን በሙሉ ማሽኑ ላይ ያፈስና ቡናውን በቅመም መፍጫ ይፈጫል። ከዚያ «ማሽኑ አይረባም» ይላል። የቅመም መፍጫው ምላጭ ነው፤ ቡናውን ይቆራርጠዋል እንጂ አይፈጨውም። ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ክክ ይሆናል። ውሃው በክኩ በኩል እየሾለከ ይወርዳል፤ ዱቄቱ ደግሞ ይመራል። አንድ ስኒ ውስጥ ኮምጣጣና መራራ አብረው የሚመጡት በዚህ ነው። ሙቀጫም እንዲሁ ነው። ለጀበና ሙቀጫ ግሩም ነው፣ ምክንያቱም አተላው ይሰክናል፤ ለማሽን ግን እኩል አያደርግም።

የሚያስፈልገው ጥርስ ያለው መፍጫ ነው። ፍሬው በሁለት ጥርሶች መሀል አልፎ እኩል ይወጣል፤ ርቀቱን በማጥበብና በማስፋት ልመቱን ትወስናላችሁ። ጥሩ የእጅ መፍጫ ከኤሌክትሪኩ ይረክሳል፤ መብራትም አይፈልግም። 18 ግራም ለመፍጨት አንድ ደቂቃ ያህል ክንድ ማሠራት ነው። የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በጀታችሁን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ለመፍጫ አድርጉ። ርካሽ ማሽንና ጥሩ መፍጫ፣ ውድ ማሽንና መጥፎ መፍጫን ሁሌም ይበልጣሉ።

ለጊዜው መፍጫ መግዛት ካልቻላችሁ ማጣሪያውን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ካለችው ግፊቱን የሚፈጥረው ራሱ ማጣሪያው ስለሆነ ተፈጭቶ የተገዛ ቡና ይበቃዋል። በመቶ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ካሉት ግን መፍጫ ይፈልጋል። ተፈጭቶ ሲገዛ «ለማሽን» ማለትን አትርሱ። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ፒያሳ ካለው ቶሞካም ሆነ ከሌላ ቆዪ ቤት ስትገዙ በትንሹ፣ ሩብ ኪሎ ሩብ ኪሎ አስፈጩ። የተፈጨ ቡና ሽታው በቀናት ውስጥ ይሄዳል።

የትኛውን ቡና ልጠቀም? ቤት የቆላሁትስ?

የፈለጋችሁትን። ይህ የኛ ዕድል ነው። የይርጋጨፌና የሲዳማ የታጠበ ቡና አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። የሐረር ቡና ከነገለባው የሚደርቅ ስለሆነ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል። ቀለል አድርጎ የተቆላ ቡና ግን በርካሽ ማሽን ኮምጣጣ ሆኖ ያስቸግራል፤ ለጀማሪ መካከለኛ ወይም ትንሽ ጠቆር ያለ ቅላት ይሻላል። በጣም ጠቁሮ በዘይት የሚያብለጨልጨው ደግሞ መፍጫውን ይደፍናል።

ቤት የተቆላ ቡና ይሆናል፤ ግን በዚያው ቀን አይደለም። በጀበና ሥርዓታችን ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱ ዞሮ፣ ወዲያው ተወቅጦ ይፈላል። በማሽን እንዲህ ብታደርጉ እጀታው ሥር የሚወርደው አረፋ ብቻ ይሆናል። አዲስ የተቆላ ቡና ውስጡ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ ውሃው እንዳይገባ ይገፋዋል። ከቆላችሁት በኋላ ከ5 እስከ 10 ቀን አሳርፉት። ከብርሃንና ከአየር ጠብቁት፤ በሚቀጥለው ወር ውስጥ ጨርሱት። ስትቆሉም እጃችሁ ሳያርፍ አማስሉ። አንዱ ፍሬ ጠቁሮ ሌላው ቡኒ ከሆነ ማሽኑ ሳይደብቅ ያወጣዋል።

አንድ ኪሎ ስንት ስኒ ያወጣል ለምትሉ፣ በ18 ግራም ሒሳብ 55 ገደማ ነው።

ቡናው በ10 ሰከንድ ፈስሶ ያልቃል፣ ይኮመጥጣል። ወይም ጭራሽ አይወርድም፣ ይመራል። ምን ላድርግ?

ትንሽ ዲጂታል ሚዛንና የስልካችሁን ሰዓት አውጡ። 18 ግራም አስገቡ። የማሽናችሁ ማጣሪያ ትንሽ ከሆነ 14 ይሁን፤ ዋናው በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ሰዓቱን ጀምሩ። የሚወርደው የገባው እጥፍ ሲሆን አቁሙ። ከ20 ሰከንድ በታች ከሆነና ከኮመጠጠ፣ አፈጫጨቱን አልሙት። ከ35 ሰከንድ በላይ ከሆነና ከመረረ፣ ሸካራ አድርጉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መጠኑንም ልመቱንም አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። አዲስ ከረጢት በከፈታችሁ ቁጥር ይህን ትንሽ መድገም ይኖርባችኋል።

ጊዜው ልክ ሆኖ ጣዕሙ ከተረበሸ አጠቃጠቁን እዩ። ውሃ ቀዳዳ ካገኘ በዚያ በኩል ይሾልካል። ቡናውን ከመጠቅጠቃችሁ በፊት በቀጭን ሽቦ ወይም በስንጥር በታትኑት፤ እብጠቱ ይጥፋ። ከዚያ መጠቅጠቂያውን ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። ኃይል ማብዛት አያስፈልግም። ሳይንጋደድ ጥብቅ ማለቱ ይበቃል።

ወተቱ ለምን እንደ ካፌው አይሆንልኝም?

ወተቱ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ከፍሪጅ የወጣ። ከሰፈር በሊትር የምትገዙት ጥሬ ወተት ከሆነ ግን መጀመሪያ አፍሉት፣ ከዚያ አቀዝቅዙት። ጥሬ ወተት እንደ ብሩሴሎሲስና ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎችን ያስተላልፋል፤ በእንፋሎት ማሞቁ ብቻውን አያስተማምንም። ከፈላ በኋላ ላዩ ላይ የሚጋገረውን ስልባቦት አንሱት።

እንፋሎቱን ለሁለት ሰከንድ ባዶውን ልቀቁ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ነው። ከዚያ ጫፉን ከወተቱ ፊት በትንሹ ብቻ አስገቡ። ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ትሰማላችሁ። ይህ አየር የሚገባበት ጊዜ ነው፤ ለማኪያቶ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ጫፉን ዝቅ አድርጋችሁ ወተቱ እንዲሽከረከር ተዉት። ዕቃውን በእጃችሁ መንካት ሲያቅታችሁ አቁሙ፤ ወደ 60 ዲግሪ ደርሷል። ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ይጠፋል። ስትጨርሱ ቱቦውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ እንፋሎቱንም አንዴ ልቀቁ። የደረቀ ወተት የቱቦውን አፍ ይዘጋል።

በጾም ማኪያቶ እንዴት ይሆናል?

ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55 ቀን ሁዳዴ ሲመጣ ይህ ጥያቄ ይበዛል። የአኩሪ አተር ወተት ያገለግላል። የሚያስቸግረው መቋጠሩ ነው፤ የቡናው ኮምጣጣነትና ሙቀት ሲገናኙ ወተቱ ይቋጠራል። መድኃኒቱ ጠቆር ያለ ቅላት መጠቀም፣ ወተቱን ከ55 ዲግሪ አለማሳለፍና ቡናው ከወረደ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ቤት የሚጨመቅ የአጃ ወተት ሲሞቅ እንደ ሙቅ ይወፍራል፤ ለማኪያቶ በፋብሪካ የተዘጋጀው ይሻላል።

መብራት ይመጣል ይሄዳል። ማሽኑ አይበላሽብኝም?

የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ያለው መዝለል ነው። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ። ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ማሽኑ ባልተሠራበት ሰዓት ሁሉ ተነቅሎ ይዋል። ስታቢላይዘር ከገዛችሁ የማሽኑን ዋት የሚችል ይሁን፤ የቴሌቪዥኑ አይችለውም። በቀጭን ዲቫይደር ላይ ከእንጀራ ምጣድ ጋር አብራችሁ በጭራሽ አትሰኩት። ማሽኑ ብቻውን 6 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ምጣዱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ገመዱ ይቀልጣል።

መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ በእጅ የሚጫን ባለ ማንሻ ኤስፕሬሶ አለ። ውሃ በጋዝ ታፈላላችሁ፣ ግፊቱን ክንዳችሁ ይሰጣል። ወተት ግን አያሞቅም።

የቧንቧ ውሃ ልጠቀም? ማሽኑ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምንድነው?

የካልሲየም ጋገራ ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድብ ውሃ አለ፤ የአቃቂ የጉድጓድ ውሃም አለ። የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድኑ ይበዛል። የእናንተን ለማወቅ የውሃ ማፍያችሁን ውስጡን ተመልከቱ። በወር ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ማሽናችሁም ይዟል። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሮቶ ውስጥ ስለሚቆይ ዝቃጭ ይኖረዋል፤ አጣርታችሁ ተጠቀሙ። የተጣራ የባትሪ ውሃ ግን አታድርጉ።

ጋገራውን ለማስወጣት በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ አሟሙ። ግማሹን አሳልፉ፣ 15 ደቂቃ አቁሙት፣ ቀሪውን አሳልፉ። ከዚያ የማሽኑን የውሃ መያዣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ አሳልፉበት። ውሃችሁ ከባድ ከሆነ በየሁለት ወሩ አድርጉት። ኮምጣጤ አልወድም፤ ሽታው ለሳምንት አይለቅም።

ማሽኑ ባዶውን ውሃ ሲለቅ ይፏጫል፣ እንፋሎት ይተፋል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጀበናችንም የሚፈላው በዚያው ሙቀት ነው። ማሽኑ ግን የተስተካከለው ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ለሚፈላበት አገር ነው። 95 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ማሽኑ ውስጥ ተጨንቆ ሳለ ውሃ ነው፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ከፊሉ እዚያው እንፋሎት ይሆናል።

ቡና ባለበት ጊዜ ግፊቱ ስለሚይዘው አይፈላም። ችግሩ ግፊቱ ገና ሳይሞላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። ያ እንፋሎት የጠቀጠቃችሁትን ቡና ይበትነዋል፤ ምሬትም ይጨምራል። ማሽናችሁ የሙቀት ምርጫ ካለው፣ ለምሳሌ ዴዲካ ሦስት ደረጃ አለው፣ ለጠቆረ ቅላት ዝቅተኛውን አድርጉ። ምርጫ ከሌለው እጀታውን ከመግጠማችሁ በፊት ጥቂት ውሃ ባዶውን አፍስሱ። በተለይ ወተት ካሞቃችሁ በኋላ ሁለተኛ ቡና ስታወጡ ይህን አትዝለሉ፤ ያኔ ማሽኑ ለእንፋሎት ከመጠን በላይ ሞቋል። መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ይተፋል፣ ከዚያ ውሃው እየጠራ ዝም ብሎ መውረድ ይጀምራል። ፉጨቱ ሲቆም እጀታውን ግጠሙ።